ወሎ የት ይጀምራል?

ቦሌ ውስጥ ሩዋንዳና ወሎ ሰፈር ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ስሙን የወሰደው ከኤምባሲ ነው፤ ሌላው ከጠቅላይ ግዛት። የታክሲ ረዳቱ «ወሎ ሰፈር፣ ሩዋንዳ፣ ቦሌ ሚካኤል» እያለ ሲጣራ ኪጋሊም ደሴም ትዝ የሚለው ተሳፋሪ የለም፤ ሁሉም የሚያስበው የሚወርድበትን ቦታ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስሙን እንዳስብበት ያደረጉኝ የእናቴ አጎት ናቸው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በስልክ «አሁን ቤትህ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝና «ሩዋንዳ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ያ ጎረቤት ጎረቤቱን የፈጀበት አገር?» አሉኝ። የሰፈር ስም መሆኑን፣ ከወሎ ሰፈር ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ነገርኳቸው። «ወሎና ሩዋንዳን ምን አጎራበታቸው?» አሉ፤ ጥያቄያቸው ከጆሮዬ ሳይወጣ ሰነበተ።

እዚህ ሰፈር ሁለት ሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አገርህ የት ነው?» ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ የአስተዳደር ካርታ ላይ ብቻውን የማይገኝ ስም ነው፤ ጎጃም፣ ሐረርጌ፣ ወለጋ፣ ሲዳሞ፣ ወሎ፣ ሸዋ። በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛት ይባሉ ነበር፤ ደርግ ክፍለ ሀገር አላቸው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልልን አጸና። ከዚያ በኋላ ተወልዶ ያደገ ወጣት እንኳ «የጎጃም ልጅ ነኝ» ሲል አይደናገርም። እኔን ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። አባቴ የመንዝ ሰው ነው፤ እናቴ የተሁለደሬ። ከቤታችን ፊት ለፊት ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ አንድ ቀን ጠይቃኝ ይህንኑ ስነግራት፣ «ታዲያ አንተስ የት ነው አገርህ?» አለችኝ።

ቤታችን ውስጥ ሸዋና ወሎ ይፎካከሩ ነበር። አባቴ ወሎዬ ቡና ላይ ቀኑን ይጨርሳል ይላል፤ እናቴ መንዜ ከብርዱ የተነሳ ቃሉንም ቆጥቦ ነው የሚያወጣው ትላለች። ልጅ ሳለሁ ሁለቱ አገሮች በጣም የሚራራቁ ይመስለኝ ነበር። ሳድግ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። የአባቴ ዘመዶችም የእናቴ ዘመዶችም ልቅሶ ሲቀመጡ አቀማመጣቸው አንድ ነው፤ ሙሽራ ሲሸኙ የሚመርቁት ምርቃት አንድ ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ ሁሉም ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ልዩነቱ ያለው የት ነው? አንዱ አገር አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ቦታ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ሰው ትንሽ ትንፋሽ ባገኘበት ኅዳር ወር ላይ፣ ገና ሳይነጋ ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ የደሴ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት አያት አካባቢ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ካራቆሬ የሚመለሱ ነበሩ። ሻሻቸውን ወደ ኋላ አስረው በላዩ ነጠላ ደርበዋል። ሰንዳፋ ሳንደርስ የልጅ ልጆቻቸውን ቁጥር፣ የማሽላውን ሁኔታ፣ የጉልበታቸውን ሕመም አወቅሁ። «እማማ፣ ወሎ የሚጀምረው የት ላይ ነው?» አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ ዘርግተው «ወሎማ ወዲያ ነው፤ ከእኛ ወዲያ» አሉኝ። ካራቆሬ ድረስ ያለው ሸዋ ነው ማለታቸው ነበር።

ሸኖ አካባቢ ሜዳው ሲዘረጋ በመስኮት ሰገሌን ፈለግሁ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሸዋና የወሎ ጦር የተጋጠሙት እዚህ ሜዳ ላይ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ከሥልጣን የተነሣውን ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ለመመለስ ዘመቱ፤ ተሸንፈው ተማረኩ። ሁለቱ ወገኖች ባዕዳን አልነበሩም። የኢያሱ እናት ወይዘሮ ሸዋረጋ የምኒልክ ልጅ ናት፤ ኢያሱ በአባቱ ወሎ፣ በእናቱ ሸዋ ነው። በዚያ ቀን እዚያ ሜዳ ላይ የወደቀው ሕዝብ ብዙ ነው፤ የተዋጋው ደግሞ በአንድ ልጅ ሁለት ወገን ያሉ ዘመዶች ሆነው ነው። እኔም በአባቴና በእናቴ እንደዚያው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሜዳው እስኪያልፍ ድረስ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

ደብረ ብርሃን በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆራት ከተማ ናት። በዚያ ኅዳር የማስታውሳት ግን በሌላ ነገር ነው፤ ከጦርነቱ ሸሽተው የመጡ ሰዎች ገና በመጠለያ ውስጥ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ሲያዙ የወሎ ሰው በዚህ መንገድ ወደ ሸዋ ጎረፈ። ቁርስ የበላንበት ቤት ባለቤት ያን ጊዜ ጓዳዋን ለሁለት ቤተሰብ ለቃ እንደነበር ነገረችን። «ሌላ ምን አደርጋለሁ? አነጋገራቸው እንደኛ፣ ልቅሷቸው እንደኛ» አለች። ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለ ባና ነበር፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ፣ ቡናማና ጥቁር መስመር ያለው፣ ሲነኩት እጅ የሚፈገፍግ። እናቴ ከሐይቅ ይዛው የመጣችው ባና አንድ ቀለም፣ አንድ አሠራር ነው፤ ከአጠገቡ ቢያስቀምጡት የቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የወሎም ደጋ በግ ያረባል፣ ጠጉሩን ሸልቶ ይፈትላል፣ በዚያው ዓይነት ሸማኔ ያሠራል። ብርዱ አንድ ስለሆነ ልብሱም አንድ ሆነ።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት ጣርማበር ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ጣሊያኖች የፈለፈሉት ዋሻ አለ፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከዋሻው ወዲህ ያለው ሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ በርኖስ ደርቦ፣ ጭጋግ ውስጥ በግ ይጠብቃል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ሣር ይነቅላሉ። ከዋሻው ወዲያ መኪናው እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ይከብቡታል፤ ትኩስ ነው፣ ሱፍና ለውዝ ተቀላቅሎበታል። ከዚያ እየወረዱ በሄዱ ቁጥር ጋቢው እየቀለለ ነጠላ ይሆናል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሽርጥ የታጠቁ ወንዶች በማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይታያሉ፤ ከ1,300 ሜትር ብዙም የማይርቅ ከፍታ ነው። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑ እያነሰ መስጊዱ ይበዛል። ሁለቱም ሸዋ ናቸው። ደጋው መንዝና ቆላው ይፋት በአንድ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ኖረው በመካከላቸው ያለው ልዩነት በይፋትና በወሎው ቃሉ መካከል ካለው እጅግ ይሰፋል። ይህን እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ፤ በዚህ አገር ሰውን ከሰው ይበልጥ የሚለየው ደጋና ቆላ ነው። መንዜው ገብስ ይዞ ወደ ይፋት ይወርዳል፣ ይፋቴው ጥጥና ማሽላ ይዞ ይወጣል፤ የሚገበያዩት ስለሚለያዩ ነው።

ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ የጫነ ከባድ መኪና ከፊታችን ቆሞ መንገዱን ዘጋ። እማማ ማሾውን እያዩ «የእኛም ይኸው ነው፤ ወሎም ይኸንኑ ነው የሚዘራው» አሉ። እውነት ነው፤ ይፋትና ቃሉ ሁለቱም ማሾ ያመርታሉ፣ ሁለቱም ለምርት ገበያ ያቀርባሉ። ሰዉም እንደዚያው ነው። አርጎባዎች በዚህ የስምጥ ሸለቆ ጫፍ ላይ ከሸዋ እስከ ወሎ ተበትነው ይኖራሉ፤ ከሚሴ አጠገብ ያለችው ሾንኬ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረበባት መንደራቸው ናት፤ ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባም ገበያቸው ነበር። የአፋር ጨው በግመል ወደዚህ ሲወጣ ሸዋና ወሎ ብሎ አልተከፈለም።

ሰንበቴ የደረስነው በሥራ ቀን ስለሆነ ገበያው ባዶ ነበር። እሑድ እሑድ ግን አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤ፣ ጨው፣ የደጋ ገብስ፣ ሁሉም እዚያ ይገኛል። ገዢና ሻጭ በሦስት ቋንቋ እየተደራደሩ ይግባባሉ። ከዚህ ትንሽ ራቅ ብላ አጣዬ አለች። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ወራት በተነሣ ግጭት ተቃጠለች። አውቶቡሳችን ሲያልፍባት ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ አለ። ጣራ የሌላቸው ቤቶች፣ ጥቁር ግድግዳ፣ በአንዳንዱ በር ላይ አዲስ ቆርቆሮ። አንድ ሰው ፍርስራሹ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ሳሙናና ብስኩት ደርድሯል። እማማ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሟቹ የማን ወገን እንደሆነ አልተናገሩም፤ «ልጆቻችን» ብቻ አሉ።

የእናቴ አጎት ስለ ሩዋንዳ ያሉት ነገር ተመልሶ የመጣብኝ እዚያ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ሁቱና ቱትሲ አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ ኪንያርዋንዳ። አንድ ኮረብታ ላይ ይኖሩ ነበር፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር፤ ይጋቡ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ጀምሮ በ100 ቀን ገደማ ውስጥ ወደ 800,000 የሚገመት ሰው ታረደ። ስለዚህ «እንመሳሰላለን» ማለት ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። የኛም ሰው «እኛ ወሎዬዎች ተዋደን ነው የኖርነው» ሲል፣ ልቤ ቢደሰትም እሰጋለሁ። መዋደዱ እውነት ነው። ግን ሳይሠሩለት የሚቆይ ነገር አይደለም። አጣዬን ያቃጠለው እዚያ ገበያ ላይ ሳምንት ሳምንት የሚገናኘው ሕዝብ ባህሉ ስለተለያየ ነው ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው ቢመጣ አላምነውም፤ ባህሉን ቆሜ አየሁት፤ አንድ ነው። እሳቱን የጫረው ሌላ ነገር ነው፤ የመሬት፣ የሥልጣን፣ የመሣሪያ ነገር ነው።

ካራቆሬ ላይ እማማ ወረዱ። ጉንጬን ስመው «አገርህን ስታገኝ ደውልልኝ» አሉኝ፤ ስልካቸውን ግን አልሰጡኝም። ቀድሞ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ የሸዋ ነበር፤ ከወዲያ ያለው ቃሉ አውራጃ የወሎ። እዚህ ላይ ነበር እንግዲህ ድንበሩ። መንገዱ ዳር የቆመ ድንጋይ የለም፤ የተለወጠ አጥር፣ የተለወጠ ማረሻ፣ የተለወጠ አለባበስ የለም። ጨፋ ሜዳ በቦርከና ውሃ ረጥቦ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት እዚያ ይግጣል። ዛሬ የቀድሞው ሸዋ ጥቂት ክፍልና የቀድሞው ወሎ ክፍል በአንድ የኦሮሞ ልዩ ዞን ሥር ናቸው፤ ልዩ ዞኑ ደግሞ በአማራ ክልል ውስጥ ነው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን አማራ ክልል ውስጥ አለ፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሰሜን ሸዋ የሚባል ሌላ ዞን ኦሮሚያ ውስጥ አለ፣ ዋና ከተማው ፍቼ ነው።

አሜሪካኖችም እንዲህ ያለ ታሪክ አላቸው። ሰሜን ዳኮታና ደቡብ ዳኮታ አንድ ግዛት ነበሩ፤ ኖቬምበር 2 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ሁለት ስቴት ሆኑ። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን የትኛው አስቀድሞ እንደተፈረመ እንዳይታወቅ ብለው ወረቀቶቹን አደባልቀው ፈረሙ ይባላል። ሁለቱም ስንዴ ያርሳሉ፣ ሁለቱም በክረምቱ ይታወቃሉ። ሰዎቻቸው ግን ማን እንደሚበልጥ ዛሬም ይከራከራሉ። መስመር የሚያሰምረው መንግሥት ነው፤ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ መስመሩን ይወደዋል፣ ይኮራበታል። ኩራቱን አልነቅፍም። የምነቅፈው መስመሩ ከሰው በፊት የነበረ አስመስሎ ማውራትን ነው።

ከሚሴ ላይ ሁለት ሰዓት ቆምን፤ የአውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶ ነበር። ቡና ከሚፈላበት ቤት ገባሁ። ሴትየዋ ከሰሉን አራገበች፣ ዕጣን ጨመረች፣ ሲኒዎቹን በሙቅ ውሃ አለቀለቀች፤ ከእንጨት የተሠራ ረከቦት ነው፣ ጠርዙ ከአገልግሎት ብዛት የተነሣ ለስልሷል። ለደንበኞቿ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ለእኔ «አብሽር፣ ጎማው ይሠራል» አለችኝ። አቦሉ ሲቀዳ አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለዝናቡ፣ ለታመመው፣ መንገድ ላይ ላለው። መንገድ ላይ ያለሁት እኔ ስለነበርኩ «አሚን» አልኩ። መንዝ የአባቴ እናት ቤት ቡና ሲፈላ መዳፍ የሚዘረጋውም እንደዚሁ ነው፤ ስሙ ይለያያል፣ እጁ አይለይም። ይህ ሥርዓት ወደ ደጋ የወጣው ከዚህ ወገን ነው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የደጋው ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው እያለ ይሸሸው ነበር፤ ካህናቱም ይከለክሉ ነበር። ዛሬ ሩዋንዳ ላይ ፎቅ ሥር የሚፈላው ጀበና፣ «የኢትዮጵያ ባህል» ተብሎ አየር መንገዱ ለእንግዳ የሚያቀርበው፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ነው። ደጋው ከጎረቤቱ ተቀበለው።

«ወሎ የት ይጀምራል?» ብዬ ሴትየዋን ጠየቅኳት። ከሚሴ ተቀምጣ «ወሎ ደሴ ነው» አለችኝ።

ኮምቦልቻን በፍጥነት አለፍን፤ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ጦርነቱ ያደረሰበት ጉዳት። ከዚያ ሐረጎን ወጥተን ደሴ ገባን። ጦሳ ተራራ ከተማዋን ከበላይ ይጠብቃታል፤ ብርዱ ደብረ ብርሃንን ይመስላል፤ ሰዎቹ እንደገና ጋቢ ለብሰዋል። አዳር የያዝኩበትን ቦታ ስሙን ስጠይቅ «ሸዋ በር» አሉኝ። አዲስ አበባ ወሎ ሰፈር አለ፤ ደሴ ሸዋ በር አለ፤ ትልቁ መስጊድም ሸዋ በር መስጊድ ይባላል። እያንዳንዱ ከተማ የጎረቤቱን ስም በውስጡ ይዞ ይኖራል።

በሁለቱ መካከል ካሉት ታሪኮች እኔን በጣም የሚነካኝ የወይዘሮ ወርቂት ነው። በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ወር ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ሲገሰግስ መንገዱ በወሎ ነበር። ወርቂት ወረ ሂመኖን የምትገዛ ሙስሊም እመቤት ናት፤ ልጇ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ምኒልክን ይዛ ብትመልስ ልጇን ማስለቀቅ ትችል ነበር። አሳለፈችው። ቴዎድሮስ ልጇን አስገደለው። ሸዋ ንጉሡን ያገኘው በአንዲት የወሎ እናት ሐዘን ነው፤ ይህን ታሪክ የሸዋ ልጅ ሁሉ ከፊደሉ ጋር ቢማረው ደስ ይለኛል። እንዲያም ሆኖ ቆይቶ በ1870 ዓ.ም. ግንቦት ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሲደረግ፣ ዮሐንስና ምኒልክ ባሉበት፣ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር ተገደደ። በኋላ ሰገሌ የዘመቱት ንጉሥ፣ መሐመድ አሊ፣ ሚካኤል የተባሉት ያን ጊዜ ነው። ወሎን በፍቅር ብቻ የሚያወድሰው ሰው ይህን ይዘለዋል። እኔ ግን የወሎን አብሮ መኖር የማከብረው ይህን ስለማውቅ ነው፤ ተገደው ተለያይተው፣ ዘመዳሞች ሆነው ተመለሱ። ሰርጋቸው ላይ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ከብት ለየብቻ ይታረዳል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው።

ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሂን የሚባል ዕውቅ ትምህርት ቤት አለ። ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናት። መነን በአምባሰል ተወልዳ የኃይለ ሥላሴ ባለቤት ሆነች። ሰገሌ ላይ የተጋጩት ሁለቱ ወገኖች በአንድ አልጋ ላይ ለ30 ዓመታት ያህል ነገሡ ማለት ነው።

ደሴ ላይ አንድ የታሪክ መምህር «ወሎ የት ይጀምራል?» ብዬ ስጠይቀው ፈገግ አለና «እኔ የቦረና ልጅ ነኝ» አለኝ። ጓደኛው የየጁ ነበር፣ ሌላው የዋድላ። ወሎ ውስጥ ወሎዬ ነኝ የሚል ሰው ማግኘት አስቸገረኝ። ላስታ፣ ዋግ፣ አምባሰል፣ ወረ ባቦ፣ ተሁለደሬ፣ ቃሉ ይላሉ። ሸዋም እንዲሁ ነው፤ መንዜ ከሆነ መንዜ ነው፣ ቡልጌ ከሆነ ቡልጌ። ወሎዬነት የሚገኘው ሲርቁ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደርግ 600,000 ገደማ ሰው ከሰሜን አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲያሰፍር የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር። ከላስታ የሄደውም ከቃሉ የሄደውም፣ ከሌላው ጋር ተጋፍቶ አዲስ መንደር ሲመሠርት፣ ጎረቤቱ «ወሎዬ» አለው፤ እሱም ተቀበለው። አንዱ ለሌላው ዘመድ የሆነው እዚያ፣ ከአገሩ እጅግ ርቆ ነው።

አሜሪካ ያለው ወገናችንም ይህንኑ ያደርጋል። አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ሜሪላንድ ውስጥ፤ ልጇ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ውስጥ። ፖቶማክ ወንዝ በመካከላቸው ነው፤ ታክሱም ሕጉም የመንጃ ፈቃዱም የተለያየ ነው። አዲስ አበባ ሲመጡ ግን ሁለቱም «ዲሲ» ነው የሚሉት። ሜሪላንድና ቨርጂንያ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በተለያየ ወገን የቆሙ ስቴቶች ነበሩ፤ ለእኛ ሰው ግን አንድ የእንጀራ ገበያ፣ አንድ ዕድር፣ አንድ ቅዳሴ ናቸው። ቦሌ ላይ ቆሞ ወሎ ሰፈርን የሚያየው ሰውም እንዲሁ ከሩቅ ነው የሚያየው።

ሐይቅ ስደርስ የእናቴ አጎት ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። በማግስቱ ወደ ሐይቁ ወረድን። የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር በጠባብ መሬት ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩት እዚህ ነው፤ ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የቡልጋው ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመልሰው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። ሸዋ ትልቁ ገዳሙን ያገኘው ከዚህ ሐይቅ ነው። አጎቴ ሙስሊም ናቸው፤ ታሪኩን ሁሉ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል፣ ገዳሙንም «ገዳማችን» ነው የሚሉት። ወጣ ብሎ የሚታየው ተራራ አምባሰል ነው። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉባት ውጫሌም ከዚያ ሥር ናት። ሙዚቀኞቻችን ከአራቱ ቅኝቶች አንዱን በዚህ ተራራ ስም፣ ሌላውን በባቲ ገበያ ስም ጠርተው ኢትዮጵያን በሙሉ ሲያዘፍኑበት ኖሩ።

«አባባ፣ እርስዎ ወሎዬ ነዎት?» አልኳቸው። «እኛ ተሁለደሬዎች ነን ልጄ፤ ወሎ ከዚህ ሰፊ ነው» አሉኝ። ከዚያ ጥያቄው የእሳቸው ሆነ። ታላቅ እህታቸው ማጀቴ፣ ሸዋ ውስጥ፣ ለአንድ የይፋት ነጋዴ ተድራ እዚያው ቀርታለች። አባታቸው ከባቲ ጨው ጭነው ሲወርዱ ነበር የተዛመዱት። ከጦርነቱ ጀምሮ አላዩዋትም። ካራቆሬ አካባቢ ያለውን መንገድ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ፍተሻው የት ነው፣ መኪና ያድራል ወይ፣ አጣዬ ሰው ተመልሶ ይኖራል ወይ፣ የማጀቴ ሚኒባስ ከየት ይነሣል። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ጥር ላይ ማሽላው ሲሰበሰብ እንደሚሄዱ ወሰኑ፤ ለእህታቸው ማርና አንድ ባና ገዝተው አስቀምጠዋል።

ጥር ላይ በጀውሃና በአጣዬ አካባቢ ተኩስ ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱ እየሰፋ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ። አጎቴ ማሩን ለእንግዳ አቀረቡት፤ ባናው ገና አልተላከም። አሁንም ስደውልላቸው ሩዋንዳ እንዴት ነው ይሉኛል፤ ቀጥለው የሚጠይቁኝ ከሸዋ ሮቢት ወዲህ ሰሞኑን የመጣ መኪና አይተህ እንደሆነ ብለው ነው።